ኦይታ ሞዴል አርሶ አደር የሆነበት ሪፖርት

ሲስተሙን ያስገዛሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቀድሞ ቢነግራችሁ ሐሜት ስለሚሆን ራሴው ልናገረው። ጢሞቴዎስ እባላለሁ፤ አርባ ምንጭ ላይ በአንድ የሙዝ አምራቾች ዩኒየን ውስጥ የመረጃ ባለሙያ ነኝ። ከእኔ በፊት ሁሉም ነገር በደብተር ነበር። ደብተር ይጠፋል፣ ደብተር ይቀደዳል፣ አንዱ መሳቢያ ውስጥማ ደብተር በልታ የወለደች አይጥ አግኝቻለሁ። ሥራ አስኪያጃችንን አቶ ልዑልሰገድን ስድስት ወር ሙሉ እግር በእግር እየተከተልኩ ነዘነዝኳቸው። በመጨረሻ «እሺ ይገዛ፤ ብቻ አንተ ዝም በልልኝ» ብለው ፈረሙ።

በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ነገር ከጀመርኩ መቆም አይሆንልኝም። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነስቼ፣ የአባላት የምርት ሪፖርት የሰው እጅ ሳይነካው በቀጥታ ከሲስተሙ የወጣ መሆን አለበት የሚል አንቀጽ ደንባችን ውስጥ አስገባሁ። በእጅ በሚሞላ ዝርዝር ስም ተፋቀ፣ ስም ተጨመረ የሚለው ጭቅጭቅ አንገፍግፎኝ ነበር። አንቀጹን ያረቀቅኩት እኔ፣ ያነበብኩት እኔ፣ ሲጨበጨብ ጎንበስ ብዬ እጅ የነሳሁትም እኔ። እንዳትታዘቡኝ እንጂ ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሲስተሙ ሲሠራ ደግሞ ያምራል፤ አልዋሽም። የአባላት መዝገብ በውስጡ አለው። እኛ ከሚዛን ጣቢያ የሚመጣውን ፋይል እንጭንበታለን፤ ቀን፣ ሙዙን ያመጣው ሰው ስም፣ ኪሎ። እሱ ሁለቱን በስም ያጣምርና ማን ምን ያህል እንዳስረከበ በቀለም አሳምሮ ያወጣል። ዘንድሮ የዓመቱን ሪፖርት ሳወጣ አንደኛ የሆነው የላንቴው ኦይታ ነበር። አራት መቶ አሥራ ሁለት ኩንታል። ሁለተኛው የእሱን ግማሽ እንኳ አይሆንም። ኦይታ የሚባል ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ግን ኮራሁበት። ለቅዳሜው ጉባኤ «ሞዴል አርሶ አደር» የሚል የምስክር ወረቀት ባለመስታወት ፍሬም ውስጥ አሠራሁለት።

ከሪፖርቱ ግርጌ ደግሞ ሃያ ሦስት የላንቴ አባላት ነበሩ። ከስማቸው ፊት ለፊት ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ዓመቱን ሙሉ ምንም ያላስረከበ አባል በጉባኤ ፊት ስሙ ተነቦ ይሰረዛል ይላል ደንቡ። ይቺን አንቀጽ እንኳን እኔ አላስገባኋትም፤ ከእኔ በፊት የነበረች ናት። ደብዳቤዎቹን ግን እኔ አተምኩ፣ አቶ ልዑልሰገድ ፈረሙ፣ ተላኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ ስልሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው ሴት ቆሙ። አጠር ያሉ፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ያሰሩ። ትከሻቸው ላይ አንድ ሙሉ የሙዝ ዘለላ ተሸክመዋል። ገቡና ዘለላውን ኪቦርዴ ላይ አጋደሙት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሙዝ ነው፣ እትዬ።»

«ይታይሃል?»

«ይታየኛል።»

«እንግዲያው ለዚህ መሣሪያህ ንገረው። እሱ አላየሁም ብሎ ደብዳቤ ጽፎብኛል።»

ደብዳቤውን ከጉያቸው አውጥተው ዘረጉልኝ። የእኔው ደብዳቤ ነው። ስም ጌጤ፣ ቀበሌ ላንቴ፣ ያስረከቡት ምርት ዜሮ። እኔም እንደ ባለሙያ ድምፄን አለስልሼ፣ ሲስተሙ እንደማይሳሳት፣ ምናልባት ሙዛቸውን ለመንገድ ነጋዴ ሰጥተው ረስተውት ሊሆን እንደሚችል ማስረዳት ጀመርኩ። ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ያ ራሱ አስፈራኝ።

«ልጄ» አሉ። «የመሬቱ ደብተር ላይ የሟቹ ሚስት ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሲላስ እናት ነኝ። ጌጤ ተብዬ፣ በራሴ ስም፣ በራሴ ድካም የተጻፍኩት እናንተ ጋ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት። ቅዳሜ ጎረቤቶቼ ፊት ስሜን ጠርታችሁ ከሰረዛችሁኝ እኔ ማን ተብዬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ?»

ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር፤ እንዲፈስ ግን አልፈቀዱለትም። እኔ ነገረኛ ነኝ እንጂ ክፉ አይደለሁም። «ለመሆኑ ሙዝዎን ወደ ሚዛን የሚያመጣው ማነው?» አልኳቸው።

«ማን ያመጣዋል? ኦይታ ነዋ።»

«አንደኛ የወጣው ኦይታ?»

«የምን አንደኛ? ባለጋሪው ኦይታ።»

«ስንት ማሳ ሙዝ አለው?»

እትዬ ጌጤ እንደ በሽተኛ አዩኝ። «ኦይታ ያለው አንድ አህያ ነው» አሉ።

ባጃጅ ይዘን ላንቴ ወረድን። መንገዱን ሙሉ እትዬ ጌጤ አላዘኑልኝም። አስፋልቱ ዳር ባለው የሚዛን ጣቢያ ኢየሩስ ጃንጥላዋን ተክላ ተቀምጣለች። ሚዛኑን የምታነበውና ፋይሉን የምትሞላው እሷ ናት፤ በዩኒየኑ ውስጥ እኔን የማትፈራ ብቸኛዋ ሠራተኛም ናት። የሃያ ሦስት ሰው ሙዝ ለምን በአንድ ሰው ስም እንደጻፈች ጠየቅኳት።

«ሲስተምህ የሰጠኝ አንድ ሳጥን ነው» አለች። «ያመጣው ሰው ይላል። ያመጣው ኦይታ ነው። ማንን ልጻፍ፣ አህያዋን?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መስከረም ላይ ነገርኩህ። ‹ኢየሩስ፣ ዳታ አታበላሺብኝ› አልከኝ።»

ብያለሁ። ትዝ አለኝ። ደግሞ በስልክ ጮክ ብዬ ነበር ያልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሐሬ ወንዝ ወዲህ ያሉት ሃያ ሦስቱ ቤቶች ጋሪ የላቸውም። ኦይታ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት ቤት እየዞረ የሁሉንም ሙዝ ባንድ ይጭናል። እያንዳንዱ ቤት ዘለላውን በቃጫ ገመድ ያስራል፤ የአንዱ ቤት ቋጠሮ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ልጆች ገና በሕፃንነታቸው ይማሩታል። ሚዛኑ ጋ ሲደርሱ ሙዙን የሚጭነው አይሱዙ መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል፤ ሃያ ሦስት ጊዜ ልመዝን ቢሉ ሾፌሩ ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ባንድ ይመዘናል፣ በኦይታ ስም ይጻፋል፣ እሱም በቋጠሮው እየለየ ለየቤቱ ድርሻውን ያደርሳል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ቅር ያለው አንድም ሰው የለም። ዜሮ የሆኑት እኔ ከመጣሁ ወዲህ ነው።

ኦይታን አህያዋን ሲያጠጣ አገኘነው። ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ ወሬው ሁሉ በሳቅ ይጀምራል። ሞዴል አርሶ አደር ሆነሃል ስለው አህያዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። የእሱም ጥቂት የሙዝ እግሮች ነበሩት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሐሬ ሞልቶ ከነአፈራቸው ወስዶበታል። ከዚያ ወዲህ የቀረው ጋሪው ነው።

«የማን ሙዝ እንደነበረ በምን እናውቃለን?» አልኩት፤ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

«ጽፌዋለሁ» አለ።

ከጋሪው መቀመጫ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ የተማሪ ደብተር አወጣ። ከፈትኩት። አንድም ፊደል የለበትም። ገጹ ሁሉ ሥዕል ነው፤ ድርብ ቋጠሮ፣ ጭራ ያለው ቋጠሮ፣ ወደ ግራ የተጠመዘዘ ቋጠሮ፤ አጠገባቸው የዘለላ ብዛት በጭረት። «ፊደል ብዙም አልወጣልኝም» አለ ኦይታ። «ሰኞና ሐሙስ ነው የምጭነው፤ አንድ ገጽ አንድ ጭነት ነው።» ከኢየሩስ የሚዛን ቀኖች ጋር አመሳከርኩት። አንድ ጭነት አልጎደለም። ሰውየውን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ሁለት ቀን ሙሉ እትዬ ጌጤ ግቢ ውስጥ፣ ማንጎው ሥር ተቀምጠን ገለበጥነው። እሳቸው ቋጠሮውን ያነባሉ፣ እኔ ላፕቶፔ ላይ ስም እጽፋለሁ። «ይሄ የእኔ ነው። ይሄ የወለቴ። ይሄ የአጵሎስ፤ ሲያስር እንኳ ስስታም ነው፣ ገመዱን አየኸው?» በመካከሉ ኩርኩፋ ያበሉኛል፤ ሳልጨርስ ይጨምሩልኛል። ሐሙስ ከሰዓት ሁለተኛው ፋይል አለቀ፤ ቀን፣ ጭነት፣ የባለቤቱ ስም፣ የዘለላ ብዛት። የሚዛኑ ፋይል ኪሎውን ያውቃል፣ የቋጠሮው ፋይል ባለቤቱን ያውቃል። አጣምሮ ማውጣት ብቻ ነው የቀረው። «አለቀ፣ እትዬ፤ ነገ ስምዎ ይወጣል» አልኳቸው። እጄን ጨብጠው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም።

ቢሮ ገብቼ ጫንኩት። ሲስተሙ እምቢ አለ። ደግሜ ጫንኩት፤ እምቢ አለ። አጥፍቼ አበራሁት። ኮምፒዩተሩን በደግ ቃልም በክፉ ቃልም አናገርኩት። በመጨረሻ አዲስ አበባ የሻጩ ድርጅት የእርዳታ መስመር ላይ ደወልኩ። ማዕዶት የምትባል ልጅ አነሳችው፤ ድምጿ እንደ ማር ነው፤ ይሄ ደግሞ ስትናደዱ የበለጠ ያናድዳል።

«አቶ ጢሞቴዎስ፣ የአባላት መዝገቡ የሲስተሙ የራሱ ነው» አለችኝ። «ከእሱ ጋር የእናንተን አንድ ፋይል ማጣመር ይቻላል። የእናንተን ሁለት ፋይሎች እርስ በርስ ማጣመር ግን አይቻልም።»

«ለምን አይቻልም?»

«እንደዚያ ስላልተሠራ ነው።»

«ሚዛኑን ከመዝገቡ ጋር ካጣመርኩ ኪሎ አለኝ፣ ባለቤት የለኝም። ቋጠሮውን ከመዝገቡ ጋር ካጣመርኩ ባለቤት አለኝ፣ ኪሎ የለኝም። እኔ ግማሽ ሰውና ግማሽ ሙዝ ምን ያደርግልኛል?»

«ይገባኛል» አለች። እንዳልገባት ከድምጿ ያስታውቃል። «አንድ ዘዴ አለ። ከሁለተኛው ፋይል ስሙን ብቻ መሳብ ይችላሉ። ግን ለእያንዳንዱ ጭነት የሚወስደው መጀመሪያ ያገኘውን ስም ነው።»

መጀመሪያ ያገኘውን የሚለው ጆሮዬ አልገባም፤ ቸኩዬ ነበር። እንዳለችው አደረግኩ። ሲስተሙ ተስማማ። ባለቀለሙ ሪፖርት ወጣ። እኔም ወንበሬን ወደኋላ ገፍቼ፣ እጄን አፋትጌ አየሁት።

አንደኛ፣ ወይዘሮ ወለቴ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ኩንታል።

ወይዘሮ ወለቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ያላቸው ከቤታቸው ጓሮ የቆሙ ሦስት የሙዝ እግሮች ናቸው። ኦይታ ጭነቱን ሁልጊዜ ከእሳቸው ቤት ይጀምራል፤ ጠዋት ትኩስ ስኳር ድንች ስለሚሰጡት። ስለዚህ በሥዕሉ ደብተር ላይ የእያንዳንዱ ገጽ የመጀመሪያ ቋጠሮ የእሳቸው ነው። ሲስተሙም የላንቴን ሙዝ በሙሉ አንስቶ ለአንዲት ባልቴት አሸከመ። እትዬ ጌጤ አሁንም ዜሮ ናቸው። ኦይታም አሁን ዜሮ ሆነ። ለኢየሩስ በስልክ ስነግራት መልስ ከመስጠቷ በፊት ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ስትስቅ ይሰማኛል። «ፍሬሙ ላይ ስሙን ለውጠው» አለችኝ።

ዓርብ ጠዋት አቶ ልዑልሰገድ ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው እየወለወሉ ሰሙኝ።

«ሁለቱን ፋይል በሌላ ፕሮግራም ለብቻው አጣምሬ፣ አንድ አድርጌ ልጫነው?» አልኩ። «እሱን ይቀበለኛል።»

«የሰው እጅ ነካው አይባልም?»

«ይባላል።»

«እንዲህ የሚል አንቀጽ ያለን መሰለኝ።»

«አለን።»

«ማን ነበር ያረቀቀው?»

መልስ አልሰጠሁም። «ጢሞ፣ እንደዛሬ ዝም ብለህ አታውቅም» አሉኝ፤ ጢማቸው ሥር ሳቅ ያዙ። ከዚያ ኮስተር አሉ። «ባለፈው ዓመት ዝርዝሩን ነካካችሁ ተብለን ስንት ወር ተጨቃጨቅን። አሁን እኔ በጓሮ በር ፋይል ባስገባ እነዚያን ሰዎች አልጠቅማቸውም፤ ተጠራጣሪው ይበዛባቸዋል። ሪፖርቱን በወጣበት አቀርበዋለሁ። ከደንቡ በላይ ያለው ጉባኤው ነው፤ የምትለውን እዚያ በል። በአደባባይ ተሳስቻለሁ ማለት የምትችል ከሆነ።»

እትዬ ጌጤ ያን ቀን ሦስት ጊዜ ደወሉ። ሁለቱን አላነሳሁም። ሦስተኛውን አንስቼ «ገና ነው፣ እትዬ» አልኩ። «ገና ከሆነ ደህና ነው» አሉኝና ዘጉት። ምሳዬን መብላት አቃተኝ፤ እኔ ደግሞ ምሳ የምዘል ሰው አይደለሁም።

ጉባኤው በየዓመቱ በተራ በየቀበሌው ነው የሚደረገው፤ ዘንድሮ ተራው የላንቴ ነበር። ትልቁ ዛፍ ሥር፣ ሽማግሌዎች ዱቡሻ የሚሉት የመሰብሰቢያ ቦታ ላይ ተቀመጥን። ሰብሳቢያችን አቶ ጉታ ናቸው፤ የአካባቢው ሽማግሌም ናቸው። ቆመው መረቁ፤ ሙዙ ይብዛ፣ ከብቱ ይርባ፣ ሰው ይስማማ አሉ። ሁሉም «ይሁን» አለ። እዚያ ቦታ ላይ ከተመረቀ በኋላ ሐሰት አይነገርም፤ የተናገረ ሰው ጎሜ ይሆንበታል፤ መዘዙ በራሱም በከብቱም ላይ ይወርዳል ብለው ያምናሉ። እኔ ከፊት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ላፕቶፔን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። እትዬ ጌጤ ሴቶቹ መካከል ናቸው፤ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው፣ ወደ እኔ አያዩም።

አቶ ልዑልሰገድ ከሚያስደስተው ልጀምር ብለው የመጀመሪያውን ሪፖርት አነበቡ። «ሞዴል አርሶ አደር፣ ኦይታ።» ላንቴዎች በሳቅ ሞቱ። ከሌላ ቀበሌ የመጡት ምን እንደሚያስቅ አልገባቸውም። ኦይታ ሰፋ ያለ ኮት ለብሶ ወደፊት ወጣ፤ ፍሬሙን ሊሰጡት እጃቸውን ቢዘረጉ እጁን ወደኋላ አደረገ።

«እኔ ሙዝ የለኝም» አለ። «ያለኝ አህያ ነው። ይሄን መስታወት ወስጄ ግድግዳዬ ላይ ብሰቅለው ጎሜ ይሆንብኛል። የተሸከምኩትን ግን አውቃለሁ፤ እሱን ልናገር?»

አቶ ጉታ ተናገር አሉት።

ደብተሩን አወጣና ወደ ሰዉ ዞሮ ከፈተው። «ቀጥ ያለ ቋጠሮ» አለ። ወይዘሮ ወለቴ በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ። «አጭር ገመድ።» አጵሎስ አንገቱን እያሻሸ ተነሳ፤ ተሳቀበት። «ወደ ግራ የተጠመዘዘው።» አንድ ወጣት ከሚስቱ ጋር ተነሳ። «ድርብ፣ ጭራ ያላት።» እትዬ ጌጤ ተነሱ። እንዲህ እያለ ጠራ፤ ቋጠሮ ሲጠራ ሰው ይቆማል፤ የተነሳ አይቀመጥም። ሃያ ሦስት ሰው ከኦይታ ኋላ ቆመ። ቆጥሬያቸዋለሁ።

ያኔ እኔም ተነሳሁ። «ስህተቱ የኦይታ አይደለም፣ የኢየሩስም አይደለም» አልኩ። «አንድ ሳጥን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ስትነግረኝ ያልሰማኋትም እኔ ነኝ። ኪሎው በአንድ ፋይል አለ፣ ሰዉ በሌላ ፋይል አለ፤ ሲስተሙ ሁለቱን አያጣምርም። ይሄን ሳልጠይቅ አስገዛሁት። የሰው እጅ አይንካው የሚለውንም እኔ ነኝ ያስጸደቅኩት። እነዚህ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ አስረክበዋል። ዜሮውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

አቶ ጉታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። «ደንቡ ምን ይላል?»

አቶ ልዑልሰገድ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ደንቡ ዝርዝሩን የሰው እጅ አይንካው ነው የሚለው» አሉ። «ይሄን ዝርዝር ማንም እጅ አልነካውም። ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው ቆመው የመጡት።»

ጭብጨባው እስከ አባያ ሳይሰማ አልቀረም። አቶ ጉታ ሃያ ሦስቱም አባላት እንደሆኑ ይቀጥላሉ፣ ኪሎውም ለየባለቤቱ በደብተሩ መሠረት ይመለስ ብለው አስወሰኑ። እትዬ ጌጤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመው ነበር። አሁን እንባው እንዲፈስ ፈቀዱለት።

እዚህ ላይ ብቆም ምን ነበረበት። ግን እኔ ነኝ። «አንድ ነገር አለ» አልኩ፤ ዓይኔ ላፕቶፑ ላይ ነው። «ኪሎው ለባለቤቶቹ ሲመለስ ኦይታ ራሱ ዜሮ ይሆናል። እንግዲህ በደንቡ መሠረት…» ቀና ስል ኢየሩስ ስታየኝ አየሁ። ያስተያየቷን ነገር አልናገረውም። አረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ተውኩት፤ ግን ሁሉም ሰምቷል።

«ልክ ነው» አለ ኦይታ። «ገና ስነሳም አውቄዋለሁ። ሰርዙኝ። ጋሪውን እንደሆነ አላቆምም።» ሳቀ፤ ያሁኑ ሳቁ ግን አጭር ነበር።

እትዬ ጌጤ እንባቸውን ጠረጉ። «አሁን አባል ነኝ አይደል?» አሉ።

«ነዎት» አሉ አቶ ጉታ።

«እንግዲያው ልናገር። እኔ ማሳ አለኝ፣ ጉልበቴ ደክሟል። እሱ ጉልበት አለው፣ ማሳውን ወንዝ በልቶበታል። ከቦዩ ወዲያ ያለውን ግማሹን ሙዝ እሱ ይያዘው። ያጠጣዋል፣ ይኮተኩተዋል፣ ሲደርስ እኩል እንካፈላለን። ልጄ ሲላስም ይስማማል፤ ባይስማማም ይስማማል።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ጻፍ። አንድ ማሳ፣ ጌጤ እና ኦይታ።»

ሲስቅ ብቻ የማውቀው ኦይታ ፊቱን ወደ ዛፉ አዞረ።

እኔ ጣቴን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ ቀረሁ። «እትዬ» አልኩ። «ሲስተሙ በአንድ ማሳ ላይ ሁለት ስም አይቀበልም።»

«አንተስ ትቀበላለህ?»

«እኔማ እቀበላለሁ።»

«እንግዲያው ጻፍ» አሉኝ። «እሱን ቀስ ብለህ ታስለምደዋለህ።»

ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩት፤ አንድ ማሳ፣ ጌጤ እና ኦይታ። መጀመሪያ የፈረሙት እሳቸው ናቸው።